በሦስተኛ ፎቅ የታሰረው በሬ

የልጅ ልጄ ዓለምን ለማስተካከል ስትነሳ መጀመሪያ የምትለማመደው በእኔ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አየር ጤና ከታክሲ ትወርድና ትመጣለች፤ የጫማዋን አቧራ ደጃፌ ላይ አራግፋ ትገባለች፤ እኔን አልጋዬ ጫፍ ላይ ታስቀምጠኝና እሷ ቁም ሳጥኑ ፊት ትቆማለች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ «የተከበራችሁ ተሳታፊዎች» ትለኛለች። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ድመቷን ከቆጠርን ሁለት ነን፤ ድመቷም አብዛኛውን ጊዜ ከመግቢያው ንግግር አታልፍም፣ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ሥራዋን ለጎረቤት ማስረዳት ብዙ አስቸግሮኛል። «ሐኪም ናት?» ይሉኛል፤ አይደለችም። «ባንክ ነው የምትሠራው?» ይሉኛል፤ እሱም አይደለም። አገሮች ሲቸግራቸው የሚበደሩባቸው ትልልቅ ቤቶች ባሕር ማዶ አሉ፤ እሷ እነዚያ ቤቶች እንዴት መታደስ እንዳለባቸው ታጠናለች እላቸዋለሁ። «ቀለም ልትቀባቸው ነው?» ያለኝም አለ። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጥኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ የቤት ሥራ ሲሠሩ ከጀርባቸው ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። እስከ ዛሬም ሳነብ ዓይኔ ያለቅሳል።

በዚያ ሰሞን ውጭ አገር በሚደረግ ስብሰባ ላይ እንድትናገር ተመርጣ ስለነበር ልምምዱ በርትቶብኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ንግግሯን ስትጨርስ፣

«ገባሽ እማማ?» አለችኝ።

«ድምፅሽ ያምራል» አልኳት።

«ድምፄን አልጠየቅኩሽም!» ብላ ወረቀቷን ጥላ አጠገቤ ተቀመጠች። «ስሚኝ። ቤቱ የተመሠረተው ከትልቁ ጦርነት ማግስት ነው። ያኔ አብዛኛው የአፍሪካ አገር ገና በሌላ እጅ ነበር። ወንበሩን በጊዜው ጉልበት የነበራቸው ተከፋፈሉት፤ ድምፁም የእነሱ በዛ።»

«እሺ።»

«ዛሬ ዓለም ተገለባብጣለች። ትናንት ኋላ የነበሩት ዛሬ ፋብሪካው የእነሱ፣ ገበያው የእነሱ፣ ሰዉም የእነሱ ነው። ወንበሩ ግን ብዙም ንቅንቅ አላለም።»

«ምናለ ቢጠጉላቸው?»

«ደንቡን ለመለወጥ ደንቡ የሚጠቅማቸው መስማማት አለባቸዋ! ትልቁ ነገር ላይ ደግሞ አንዱ ብቻውን እንቢ ካለ አበቃ። ብድር ሊጠይቅ የሄደውንም ቅድመ ሁኔታ ብለው ይህን ቀንስ፣ ያንን ሽጥ፣ ያኛውን ዝጋ ይሉታል። ራሱን ያመመውም ሆዱን ያመመውም የሚታዘዝለት ያው አንድ ክኒን ነው።»

ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምን አደከመሽ» አልኳት። «ከመጀመሪያው እድራችን ነው አትይኝም ነበር?»

እውነቴን ነው። የእኛ እድር የተመሠረተው እዚህ ቀራንዮ ከቤቱ ባሕር ዛፉ፣ ከሰዉም ጅቡ በሚበዛበት ዘመን ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። መሥራች ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሲሞት ቦታው ለባለቤቱ ይተላለፋል። እኔም በዚሁ ወግ ከባለቤቴ አንድ ቤት፣ አንድ ካፖርትና ከግራ ሦስተኛውን ቦታ ወርሻለሁ። የወንበሩ ጥቅም ምን መሰላችሁ፣ ውሳኔ የሚወስነው እሱ ነው። ከኋላ ያሉት አባላት እጃቸውን ማውጣት ይችላሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። የሚቆጥርላቸውም የለም እንጂ።

ከፊት ወንበርተኞችም በላይ ደግሞ ሊቀመንበራችን አሉ። የድንኳኑን ምሰሶ ከግቢያቸው ባሕር ዛፍ ቆርጠው የሰጡ እሳቸው ናቸው። ምሰሶ የሌለው ድንኳን ጨርቅ ነው ተባለና፣ ከለቅሶ በቀር እሳቸው ካልፈቀዱ ድንኳኑ እንዳይወጣ በደንቡ ላይ ሰፈረ። ምሰሶው ከተነሳ ብዙ ዘመኑ ነው። አሁን ያለው ብረት ነው፤ የተገዛውም በሁላችን መዋጮ ነው። አሮጌው እንጨት ዛሬ የሊቀመንበራችንን የዶሮ ቤት ደግፎ ቆሟል። እሳቸው ግን ክርክር በጠነከረ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይሉና «ለመሆኑ ምሰሶው የማን ነው?» ይላሉ። እኛም እናቀረቅራለን። ለምን እንደምናቀረቅር እኔም አላውቅም፤ ለምዶብን ነው።

የልጅ ልጄ ይህን ስነግራት ወረቀቷን አንስታ መጻፍ ጀመረች። «እማማ፣ ይሄን ንግግሬ ውስጥ ላስገባው?» ስትለኝ፣ «የዶሮ ቤቱን አትንኪባቸው፣ ይቀየሙኛል» አልኳት።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ከአጥሬ ጎን አንድ ፎቅ በቅሏል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ሴት ከመጣች ዓመታት ቢያልፉም ለእኛ እድር ገና «አዲሷ» ናት። ጴንጤ ናት፤ እኔ ደግሞ የመድኃኔዓለም ደጅ አገልጋይ ነኝ። ሆኖም እሷ ማለዳ መዝሙር ስትጀምር ከእንቅልፌ የምነቃው በእሷ ነው፤ ሰዓት ገዝቼ አላውቅም። እናቷ ከወደቁ ወዲህ ውሏቸው ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ ሆኗል። ከበረንዳው ላይ ሆነው የእኔን ግቢ ስለሚያዩት፣ የጠፋብኝን ሁሉ የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። «ማንኪያዎ ባልዲው ስር ነው!» ይሉኛል ከላይ።

ጎረቤቴ አንድ ጠዋት ወረደችና ደጄ ላይ ቆመች።

«ጌታ ይባርክዎ እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው።»

«ግቢ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ልጄን ልድር ነው።»

እልል አልኩ። እናቷም ከላይ ሆነው እልል አሉ፤ ጆሯቸው ገና አልደከመም።

«አዳራሽ እንዳልይዝ እማዬ ደረጃ መውረድ አትችልም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የልጅ ልጇን ሠርግ ሳላይ አልሞትም ብላለች። ከፎቃችን ሥር ያለው ሜዳ ላይ ድንኳን ከተተከለ ከበረንዳዋ ሆና ሙሽራዋ ስትገባ ስትወጣ ታያለች፣ መዝሙሩንም ትሰማለች። ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ምንም አታይም። የእድሩን ድንኳን ይሰጡኝ ይሆን?»

ለለቅሶ ቢሆን ጥያቄም አያስፈልግም፤ ድንኳናችን ለማንም ይወጣል፣ በዚህስ አንታማም። ለሠርግ ግን ሁለት ግዴታ አለ። አንደኛው፣ ድንኳን የሚወስድ ሰው በሬውን ማሰሩ በኮሚቴ ይረጋገጣል። ይህ የመጣው በድሮ ጊዜ የአንዱ ጎረቤታችን ኮርማ ሠርግ መሀል ገብቶ ድንኳኑን በቀንዱ አንጠልጥሎት ስለሄደና ሙሽሮቹ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ስለቀሩ ነው። ሁለተኛው፣ ለመሥራቾች አንድ ጋን ጠላ ይቀርባል።

«ጠላ?» አለች ጎረቤቴ።

«ጠላ» አልኳት።

«እማማ፣ እኔ እኮ ጠላ አልጠምቅም።»

«አውቃለሁ ልጄ። እስቲ ይምጡና ይዩሽ» አልኳት። ምን ልበላት?

ኮሚቴው ሊቀመንበራችን፣ ጸሐፊያችንና እኔ ነን። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የሰማውን ሁሉ የሚጽፍ እጅ አላቸው። አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ቆሞ ስለነበር በደረጃ ወጣን። ሊቀመንበራችን በየፎቁ ግድግዳውን ደገፍ እያሉ «ድሮ እዚህ ጋ ሜዳ ነበር» ይላሉ። አየሩ ላይ ቆመን ነው እንግዲህ ሜዳ ነበር የሚሉን።

ጎረቤቴ በሩን ከፍታ «ኖር!» ብላ ተቀበለችን። «በእግዜር» ብለን ገባን። ሊቀመንበራችን ገና ሳይቀመጡ ዙሪያውን ማተሩ።

«በሬሽ የት አለ?»

«በሬ የለኝም ጋሼ።»

«አለኝ የለኝም አላልኩም። ታስሯል ወይ ነው ጥያቄው።»

«የሌለ በሬ እንዴት ይታሰራል?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ደንቡ ‘በሬው መታሰሩ ሲረጋገጥ’ ነው የሚለው። ‘በሬ ከሌለው’ የሚል የለውም። ጸሐፊ፣ አለው?»

«የለውም» አሉ ጸሐፊያችን።

ጎረቤቴ ወደ እኔ አየች። እኔ በዓይኔ «ታስሯል በያቸው» አልኳት።

«ታስሯል» አለች።

«የት?»

«መታጠቢያ ቤት» አሉ እናቷ ከበረንዳው። እኚህ ሴት ወጣት ሳሉ ምን እንደነበሩ መገመት ነው። ጸሐፊያችን ደግሞ እውነትም «በሬው በሦስተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ታስሮ ተገኝቷል» ብለው ጻፉ።

ለሊቀመንበራችን ይህ አልበቃቸውም። ከመጡ አይቀር ብለው ጓዳውን አዩ፣ ሶፋውን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ለሠርጉ ምን ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። «ወጡ ሁለት ዓይነት ይበቃል። ያ ኬክ የምትሉት ነገር ይቅር። ድንኳን የተበደረ ሰው ቆጠብ ማለት አለበት» ብለው መከሯት።

«ጋሼ፣» አለች ጎረቤቴ ፈገግ ብላ፣ «እኔ ድንኳን ነው የጠየቅሁት ወይስ ባል?»

ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ሊቀመንበራችን ግን አልሳቁም።

«ጠላውስ?»

«ጋሼ፣ እሱን እምነቴ አይፈቅድልኝም። ብርዝ ላቅርብ፤ በጥሩ ማር፣ አንድ ጋን ሙሉ።»

«ደንቡ ጠላ ይላል።»

«ብርዝም እኮ...»

«እህቴ፣ ምሰሶው የማን ነው?» አሉ። እኔና ጸሐፊያችን አቀረቀርን፤ ልማዱ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተከትሎን መጣ።

ስንወርድ እናቷ ከበረንዳው ጎንበስ ብለው «እማማ!» አሉኝ። «ካልሆነም አይጨነቁ። እኔ ድምፁን እንኳ ብሰማ ይበቃኛል።» ሰው ይበቃኛል ሲል በቃው ማለት እንዳልሆነ በእድሜዬ አውቃለሁ። ያን ሌሊት ለሊቀመንበራችን የምለውን ሳሰላስል የልጅ ልጄ ንግግር ትዝ አለኝና ደስ አለኝ። እነዚያ ባሕር ማዶ ያሉት ትልልቅ ቤቶች እንደኛ በማድረጋቸው በዓለም ፊት እየታሙ እንደሆነ ብነግራቸው ማፈራቸው አይቀርም ብዬ ነው።

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ላይ፣ እዚያው ድንኳኑ የሚቀመጥበት የእድሩ ቤት ግቢ ውስጥ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አውጥቼ ተነሳሁ።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣» አልኩ፣ «የተከበራችሁ ተሳታፊዎች።» ይህቺ ከልጅ ልጄ ናት። «ባሕር ማዶ ለአገሮች የሚያበድር ትልቅ ቤት አለ። ሲመሠረት የነበሩት ዛሬም ፊት ይቀመጣሉ። ዓለሙ ተለውጦ ሳለ ወንበሩ አልተለወጠም። የሚበደረውን ይህን አድርግ ያንን ተው ይሉታል። አንዱ ትልቅ አገር ብቻውን እንቢ ካለ ደንቡ አይቀየርም።»

ከኋላ ያሉት አዲሶቹ ዓይናቸው በራ፤ ጎረቤቴ በሁለት እጅዋ ነጠላዋን ጨብጣ ታየኛለች። ሊቀመንበራችን ቀስ ብለው ተነሱ።

«እህት ዓለም፣ ይሄ የምትዪው ቤት ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው።»

«ነጮቹም አሉበት?»

«ፊት ያሉት እነሱ ናቸው።»

«እና ልክ እንደኛ ነው የሚሠሩት?»

«ልክ እንደኛ!» አልኩ፣ ሊያፍሩ ነው ብዬ።

ሊቀመንበራችን ወደ ጉባኤው ዞሩና ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ሰማችሁ? ዓለም ሁሉ ከእኛ ተምሯል!» የፊት ወንበሩ አጨበጨበ። ከግራ ሁለተኛው ላይ የሚቀመጡት አዛውንት እንዲያውም ዓይናቸውን ጠረጉ። ጸሐፊያችን «አሠራራችን ከዓለም አቀፍ አሠራር ጋር አንድ መሆኑ ተረጋግጧል» ብለው መዘገቡ። እኔ ቦታዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከወንበሩ በታች ቦታ ቢኖር እዚያ በገባሁ።

ያን ጊዜ ከኋላ ማጉረምረም ተነሳ። «የራሳችንን እድር እናቁም!» አለ አንዱ። «እኛም የራሳችንን ድንኳን እንገዛለን!» አለ ሌላው። የልጅ ልጄ ይህንንም ነግራኝ ነበር፤ የተገፉት አገሮች የራሳቸውን አበዳሪ ቤት እየሠሩ ነው ብላ። ጎረቤቴ ግን ቀስ ብላ ተነሳች።

«ጋሼ፣ እኛ መለየት አንፈልግም። ሠርጉም ሳምንት ነው፤ ድንኳን የምገዛበት ጊዜ የለኝም። ግን ይህን ድንኳን የሚሸከመው፣ የሚተክለው፣ የሚነቅለው ማን ነው? ከኋላ ያለነው አይደለንም? ታዲያ ስንሸከመው አባል፣ ስንጠይቀው እንግዳ እንዴት እንሆናለን?»

ልክ ነበረች። ይህን ደግሞ በደግነት ነው ያለችው። ሊቀመንበራችን ግን ያላለችውን ሰሙ።

«ምን ማለትሽ ነው? እኛ አንችልም ለማለት ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ አላልኩም...»

«ይህን ድንኳን እናንተ ሳትወለዱ የተከልነው እኛ ነን! መሥራቾች፣ ተነሱ! ዛሬ ይተከላል!»

እኛ ደግሞ ተነሳን። ይሉኝታ ነው። ከመካከላችን ጉልበቱን የማያመው አልነበረም፤ ሌላው ሲነሳ ግን ማን ቁጭ ይላል? አዲሶቹ ሊያግዙን ሲመጡ ሊቀመንበራችን በዱላ መለሷቸው። ሸራውን ከቤቱ ጎትተን አወጣነው። የስንት ዓመት የለቅሶ ሽታ አለው መሰላችሁ፤ ንፍሮና ዝናብ ይሸታል። ብረቱን ምሰሶ መሀል አቆምንና ሸራውን ላዩ ላይ ሳብነው። ሊቀመንበራችን ከውስጥ ገብተው ምሰሶውን አቀፉ፣ እኔ «ብቻዎን?» ብዬ ተከተልኳቸው፤ ሌሎቹ ከውጭ ገመድ ያዙ።

እውነት ለመናገር ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ሊቀመንበራችን «አየሽ?» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። አንዱ ገመድ ያዥ ግን አስነጠሰው።

ከዚያ በኋላ ጨለማ ነው። ምሰሶው ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ጫፉ የሸራውን አናት ቀድዶ ወጣ፤ ሸራው ሁሉ ላያችን ላይ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። እኔ እንደ ዶሮ ተንበርክኬያለሁ። ሊቀመንበራችን አጠገቤ ቆመው፣ ሸራው ፊታቸው ላይ እንዳይለጠፍ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ወጥረው ያዙት።

«እህት ዓለም፣ አለሽ?»

«አለሁ ወንድም ዓለም።»

«ቆሟል ወይስ ወድቋል?»

«ወድቋል መሰለኝ።»

ከውጭ ሩጫ ተሰማ። አዲሶቹ ሁሉ ዙሪያውን ይዘው ሸራውን በእጃቸው ከራሳቸው በላይ አነሱት፤ እኛንም ብርሃን አገኘን። ግን ምሰሶው ወድቋልና ቢለቁት ተመልሶ ይወርዳል።

«ጋሼ፣» አለ ከኋላ ሲያጉረመርም የነበረው ሰው፣ «ያለ መሥራቾች ፈቃድ ድንኳን መንካት በደንቡ ይቻላል እንዴ? እንልቀቀው?»

«አንተ! በሽማግሌ አትቀልድ፤ መጀመሪያ ይውጡ!» ብላ ጎረቤቴ ተቆጣችው።

ሊቀመንበራችን ግን አልወጡም። እልኸኛ ቢሆኑም ፍርደ ገምድል አይደሉም። ሸራውን እንደወጠሩ ዙሪያቸውን አዩ። ከፊት ወንበር ሰው አንድም ሸራውን የያዘ የለም፤ ሁሉም ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ጸሐፊ!» አሉ በመጨረሻ። «ጠላው በብርዝ ይቀየር፣ ከኋላ ያሉትም ድምፃቸው ይቆጠር፣ ከፊትም ቦታ ይሰጣቸው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ድምፅ ይሰጥበት።»

ጸሐፊያችን ብዕራቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱ። «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!»

ማን ያላወጣ አለ? ሸራውን የያዘው ሁሉ እጁ ሰማይ ላይ ነው። ጸሐፊያችን ዙሪያውን አይተው «በሙሉ ድምፅ» ብለው ጻፉ።

«ቆይ፣ እኔ ገና አላወጣሁም!» አሉ ሊቀመንበራችን። «እኔ ሸራ ነው የያዝኩት።»

«ሁለቱንም እጅ ነው ያወጡት ጋሼ» አሉ ጸሐፊያችን። «እንደ ሁለት ልቁጠረው?»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ሊቀመንበራችን ናቸው። ሲስቁ ሸራውን ለቀቁት፤ ሸራው ፊታቸውን ሸፈነው፤ ሳቁ ከውስጥ ይሰማን ነበር።

እንዲህ አለቀ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን የወንበሩ ጉዳይ ቀርቶን ነበር። ሊቀመንበራችን ወጥተው አቧራቸውን አራገፉና ለጎረቤቴ የፊት ወንበሩን አሳዩዋት። «በይ ነይ፣ ተቀመጪ።»

«እማማ ቆመው? ኧረ አይሆንም!»

«እኔ አልደከመኝም፣ አንቺ ተቀመጪ» አልኳት።

«በጌታ እማማ፣ እርስዎ።»

«በመድኃኔዓለም፣ አንቺ።»

ከኋላ የመጡት ሁሉ እንዲሁ። ወንበሩን ሲከለከሉ የተቆጡ ሰዎች ሲሰጣቸው «ሽማግሌ ቆሞ እንዴት» ብለው ገደል ግቡ የተባሉ ይመስል ወደኋላ አሉ። እኛም «አሁን የእናንተ ነው» ብለን አንቀመጥም አልን። ስንገፋፋ ደከመንና ሁላችንም የተጠቀለለው ሸራ ላይ፣ መሬት ላይ ቁጭ አልን። የፊት ወንበሩ ባዶውን ቀረ። እስከ ዛሬም ስብሰባ ሲኖር በይሉኝታ ባዶውን ነው የሚውለው፤ የሊቀመንበራችን ዱላ ብቻ ይጋደምበታል።

የልጅ ልጄ ከውጭ የተመለሰችው ለሠርጉ ዋዜማ ነው።

«እንዴት ሆነልሽ?» አልኳት።

«በጣም አጨበጨቡልኝ። የዶሮ ቤቱንም ወደዱት። ተወያዩበትና ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፉት።»

«ለምን?»

«ፊት ያሉት ገና አልተስማሙም።»

«ድንኳን የላቸውም?»

«የላቸውም እማማ። አዳራሽ ነው፣ ጣሪያው ኮንክሪት ነው።»

«እንግዲያው ገና ይቆይብሻል ልጄ» ብዬ እግሯን የምትታጠብበት ውሃ አሞቅኩላት። የዶሮ ቤቱን በዓለም ፊት ማውራቷን ግን ለሊቀመንበራችን አልነገርኩም።

የሠርጉ ቀን ድንኳኑ ከፎቁ ሥር ቆመ፤ የተከሉት ከኋላ ያሉት፣ ያዘዙት ከፊት ያሉት ናቸው። አንድ ነገር ግን አሳፍሮን ነበር። ምሰሶው የቀደደው የድንኳኑ አናት እንደተቀደደ ነው። አየር ጤና ያለው ሰፊ ከሠርጉ በኋላ እንጂ አላደርስም ብሎን፣ ልክ መሀሉ ላይ ሰማይ የሚያሳይ ትልቅ ቀዳዳ ይዘን ቀረን። ሊቀመንበራችን ቀዳዳውን ላለማየት አንገታቸውን ደፍተው ብርዛቸውን ይጠጣሉ። ሦስተኛ ብርጭቆ ላይ «መጥፎ አይደለም» ሲሉ ሰማኋቸው።

መዝሙሩ ደምቆ ሙሽራዋ ወደ መሀል ስትመጣ ከላይ እልልታ ወረደ። ቀና አልን። በቀዳዳው ውስጥ ሦስተኛው ፎቅ፣ በረንዳው፣ በረንዳው ላይም የሙሽራዋ አያት ወለል ብለው ታዩን። እሳቸውም እኛን ያዩናል። ከዳር ቆመው ስትገባ ስትወጣ ሊያዩ አስበው የነበሩት ሴት አሁን ከመሀል ከአናት ላይ ሠርጉን ሁሉ ያያሉ። ሙሽራዋ ቀዳዳው ሥር ቆማ ቀሚሷን ዘርግታ ዞረችላቸው። ጎረቤቴ እጄን ያዘች።

«ቬሎው ከኋላ ተገልብጧል፣ አስተካክሉላት!» አሉ አያት ከላይ።

ያን ጊዜ ሊቀመንበራችን አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ቀዳዳውን አዩ፣ በረንዳውን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጸሐፊ! መዝግብልኝ። ከእንግዲህ ለሠርግ የሚወጣ ድንኳን አናቱ ክፍት ይሆናል። ድንኳን የሚወስድ ሰውም እናቱን ሰገነት ላይ ማስቀመጡ በኮሚቴ ይረጋገጣል።»

«ሰገነት የሌለውስ ጋሼ?» አለች የልጅ ልጄ።

«እሱን እኔ አላውቅም። ከጎረቤት ይዋስ።»

ጸሐፊያችን ጻፉት። እኔም ብርዜን ይዤ ሳስበው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እኛ ሁላችን ካለፍን፣ ሜዳ ላይ ጠፍጣፋ ቤት ያላት አንዲት ምስኪን ድንኳን ልትጠይቅ ሄዳ «እናትሽ ሰገነት ላይ ናቸው?» ስትባል ታየችኝ። ምን እንደምትመልስ ከአሁኑ ሹክ ብላት ደስ ይለኛል።

«ታስረዋል» ትበል።